ከምስር ያነሰች ቅጠል

ጎረቤቴን ሁላችንም «መቀስ» እንላታለን። ልብስ ሰፊ ስለሆነች የወጣላት ስም እንዳይመስላችሁ፤ የወጣላት በምላሷ ነው። ደንበኛ መጥታ «ቀሚሱ ጠበበኝ» ብትላት «ቀሚሱስ እንደነበረ ነው፣ አንቺ ሰፋሽ እንጂ» ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ደንበኛዋ ተኮሳትራ ትወጣና በሳምንቱ ሌላ ጨርቅ ይዛ ትመለሳለች፤ የኮት ትከሻ እንደ እሷ አሳምሮ የሚያስቀምጥ በሰፈሩ የለማ! እኔና እሷ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ስትስቅም ስታለቅስም እሰማለሁ። ያልሰማሁትን ደግሞ ራሷ መጥታ ትነግረኛለች።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጎን ተቀምጦ የኖረ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ሲል እንኳ የሚስቱ የስፌት መኪና ካልጮኸ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ተጫዋች ሰው። ጡረታው ሲቃረብ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ «እሺ»። ውሃ ትጠጣለህ? እሺ። በረደህ? እሺ። ሞቀህ? እሺ። መጀመሪያ ያስቃል። ግማሽ ቀን አብራችሁት ብትውሉ ግን ሳቁ ጉሮሯችሁ ላይ ይቀራል።

የቀረው ዓለሙ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ያለው የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሆነ። ጤነኛ ሳለ የገዛው ነው። ሌሎቹ ዓሦች አንድ በአንድ አልቀው አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ጠፍጣፋ፣ ብርማ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር የወረደበት፣ የተቆጣ የሚመስል ዓሣ። ሹፌሩ «ተቆጣጣሪው» ብሎ ነበር ስም ያወጣለት፤ አውቶቡስ ላይ ትኬት እንደሚያየው ሰውዬ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ የሰው ፊት ስለሚመረምር። ከታመመ በኋላ የሹፌሩ ዓይን ከልቡ የሚከተለው ይህን ዓሣ ብቻ ነበር። ተቆጣጣሪው ወደ ግራ ሲሄድ የእሱም ዓይን ወደ ግራ፣ ተቆጣጣሪው ሲመለስ የእሱም ሲመለስ ይውላል።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራው ልጅ ይህን አይታ መቀስን አስጠንቅቃታለች። «ዓይኑ የሚከተለው ነገር ካለ በምንም መንገድ እንዳይጠፋበት» አለቻት። ደግሞም «ጸጥታ ያስፈልገዋል» አለች። መቀስ እንደምታውቋት የማንንም ምክር አትሰማም፤ የባሏ ነገር ሲሆን ግን እንደ ሕፃን ልጅ ታዛዥ ናት። ሳሎን የነበረውን የስፌት መኪናዋን በዚያው ቀን ወደ ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ እሷ በሩ ወዲያ፣ እሱ በሩ ወዲህ። ልጅቷ ለቀኝ እጁ ማለማመጃ «ትንንሽ ነገር ያንሳበት» ስትል ደግሞ መቀስ የቁልፍ ቆርቆሮዋን ፊቱ ዘረገፈችለት። ሹፌሩ ቁልፎቹን አየ፣ የቆሙትን ሰዎች አየ፣ ከዚያ በደህናው እጁ ሁሉንም መሬት አፈሰሳቸው። አልፈርድበትም። ስንት ቶን ብረት በመንገድ ላይ ያሽከረከረ እጅ፣ ሰው ከቦት እያየው የሸሚዝ ቁልፍ ማንሳት ሲያቅተው ምን ይበል?

ኋላ ገንዳውን የወረሰውን አረም ይዛ የመጣችው የሹፌሩ ታላቅ እህት ናት። በሌላ ከተማ የምትኖር ጡረተኛ ርእሰ መምህርት ናት፤ ዛሬም ሰው ቤት ስትገባ ተማሪ የተሰለፈላት ይመስል ከበር ቆማ ነው ሰላም የምትለው። ወንድሟን ልትጠይቅ ስትመጣ «ገንዳህ ራቁቱን ነው» ብላ በፌስታል የውሃ ተክል አመጣችለት። ከተክሉ ሥር ከምስር ፍሬ ያነሱ፣ አረንጓዴ፣ ክብ ክብ ቅጠሎች ተጣብቀው ነበር። ማን ልብ ብሎ ያያል? ተክሉ ገንዳው ውስጥ ሲነከር ቅጠሎቹ ተለቀው ብቅ አሉ፤ ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። ደግሞ «ያምራሉ» ብለናል፣ አለማፈራችን!

ትንሽ ሰነበትንና ውሃው ግማሹን አረንጓዴ ለበሰ። ትንሽ ቆይቶ ሙሉውን። ብርሃን ወደ ታች ማለፍ አቃተው፤ ተቆጣጣሪው ከሥር እንደ ጥላ ውልብ ይላል እንጂ መስመሩ አይለይም። የሹፌሩ ዓይን ሲፈልገው ሲፈልገው ይቆይና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ነው መቀስ የደነገጠችው።

ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄደች። «ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ዘግይተሻል» አላት። «ይቺ አረም መርዝ አትፈልግም፤ መርዙ ዓሣሽን ነው የሚገድለው። ልቀሚ፤ በየቀኑ ልቀሚ። መብራቱን ቀንሺ፣ መስኮቱን ጋርጂ፣ ምግብ አታብዢ፣ አየር የሚነፋውን ሞተር ወደ ላይ አድርገሽ ውሃውን አናውጪው፤ የሚናወጥ ውሃ አትወድም። ክዳኑን ከውስጥ፣ ማጣሪያውን፣ ቱቦውን ሁሉ እጠቢ። አንዷን ከተውሽ ሁሉንም እንደተውሽ ቁጠሪው።»

መቀስ ሁሉንም አደረገች። የሻጩ መረብ ዓይኑ ሰፍቶ ቅጠሎቹን ሲያሾልክባት፣ ከሙሽራ ቬሎ የተረፈ ስስ መረብ ጨርቅ በክቡ የጥልፍ መወጠሪያ ላይ ወጥራ የራሷን ማንሻ ሠራች። ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ ከባሏ ወንበር አጠገብ ባለችው አጭር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያንን ክብ ቬሎ በውሃው ላይ እያንሸራተተች ትሰበስባለች። የሰበሰበችውን ባልዲ ውስጥ ታራግፍና እጇን በወንበሩ ቀኝ መደገፊያ ላይ በተሰቀለው ፎጣ ትጠርጋለች። እጇ ሲሠራ አፏ አይዘጋም፤ የደንበኞቿን ሐሜት አንድ ሳታስቀር ትነግረዋለች። እሱም በየቦታው «እሺ» ይላታል። አንድ ግድግዳ እንጋራለን ብያችኋለሁ።

ከዚያ ውሃው ይጠራል። በማግስቱ ግን ብቅ ይላሉ፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ብዙ። እንደገና ክዳኑን ታጥባለች፣ ቱቦውን ትነቅላለች፣ ያንን የእህቱን ተክል እንኳ ነቅላ ጣለችው። እንደገና ይመለሳሉ። ከአረሙ ጋር ዓይንና ናጫ ሆኑ።

«እጅ አለበት!» አለችኝ አንድ ቀን በሬን ሳታንኳኳ ገብታ። «ይሄ ነገር በራሱ አይደለም። ሰው እያስገባብኝ ነው።»

«ማን አባቱ ቅጠል ይሰርቅና መልሶ ያመጣል?»

«አንቺ ትናንት ገንዳውን ነክተሻል።»

«እኔ?»

«እጅሽ እርጥብ ነበር። እርጥብ እጅ ላይ ይጣበቃል።»

«ዕቃ ሳጥብ ጠርተሽኝ ነው እኮ የመጣሁት! ምነው፣ ደግሞ በእኔ መጣሽ?» ብዬ ኮስተር አልኩ። ከልቤ ነው የከፋኝ። እሷ ግን ይቅርታ አታውቅም፤ ቁጭ ብላ ከድስቴ ላይ አንድ ጭልፋ ቀመሰችና «ጨው አንሶታል» አለች። ይህ በእሷ ቋንቋ ይቅርታ ነው።

ነገሩ የከረረው ርእሰ መምህርቷ ሳታስታውቅ የመጣች ቀን ነው። መቀስ ጓዳ ናት፣ የስፌት መኪናዋ ይንጣጣል፤ ሹፌሩ ብቻውን ሳሎን ተቀምጧል፤ ገንዳው አረንጓዴ። እህቱ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ወንድሜን ረግረግ ፊት ነው ያስቀመጥሽው» አለቻት። «አንቺ ሥራ አለብሽ፣ አልወቅስሽም። ግን አንድ ገንዳ ማጽዳት ያልቻለ ቤት ሰው ያስታምማል? የእኔ ቤት ሰፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚውል ሰው አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እንዲህ ካገኘሁት ይዤው እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ አረሙን እኮ ያመጡት እርስዎ ነዎት» አለች መቀስ።

«ያመጣሁት ተክል ነው። ረግረግ ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። ትክክል ናት፤ ከክፉ ሰው ይልቅ ትክክል ሰው ነው ለክርክር የሚያስቸግረው።

ያ ሳምንት ደግሞ የሠርግ ሳምንት ሆኖ አረፈው። የሚዜዎች ልብስ ሁሉ እሷ ላይ ነው፤ ቅዳሜ የግድ መድረስ አለበት። ጓዳ ገብታ ተቀረቀረች። በርጩማዋ ባዶዋን ዋለች፣ ባዶዋን አመሸች። በእነዚያ ቀናት አረሙ ከወትሮው ብሶ ገነፈለ። እሷ ግን «እሑድ በጠዋት ተነስቼ አንድ ሳላስቀር እለቅመዋለሁ፤ እሷ እስክትመጣ ውሃው እንደ መስታወት ይሆናል» እያለች ራሷን አጽናናች።

እሑድ ጠዋት ጩኸቷን ሰምቼ በሌሊት ልብሴ ሮጥኩ።

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ነበር። አየር የሚነፋው ሞተር ጸጥ ብሏል። ውሃው ከዳር እስከ ዳር በአረም ተከድኗል፤ መርፌ የሚያሾልክ ክፍተት የለውም። ተቆጣጣሪው አንድ ጥግ ላይ በጎኑ ተጋድሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሹፌሩ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተስቦ፣ ፊቱ በላብ ርሶ «እሺ… እሺ… እሺ…» ይላል። ያቺ ቃል እንደዚያ ቀን አስፈርታኝ አታውቅም።

«አየር አጥቶ ነው!» አለች መቀስ። «ክዳኑን ያዢልኝ!»

ክዳኑን አንስቼ ያዝኩ። ቬሎዋን ይዛ አረሙን እፍኝ በእፍኝ ታወጣለች፤ ባልዲ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ የትም። ግማሹ ሲገለጥ ቬሎውን ጣለችና ጭልፋ አነሳች። ከገንዳው ውሃ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታንቆረቁራለች፤ ውሃው አየር ይዞ እንዲወርድ። ትቀዳለች፣ ታንቆረቁራለች። ክንዷ ሲዝል ጭልፋውን እኔ ተቀበልኳት፤ የእኔ ሲዝል እሷ መልሳ ወሰደችው። ዓሣው አንዴ ተገልብጦ ሆዱን አሳየ። መቀስ እያለቀሰች ማንቆርቆሯን አላቆመችም።

«ተቃና» አልኩ በመጨረሻ። ጥቁሩ መስመር ቀስ እያለ ቆመ። ክንፉ ተንቀሳቀሰ። የሹፌሩም ዓይን ተከተለው።

ቀና ስንል ርእሰ መምህርቷ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደገባች አላወቅንም። ወለሉ ኩሬ ሆኗል፣ መቀስ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ናት፣ እኔ በሌሊት ልብስ።

«ከዚህ በላይ ምን ልይ?» አለች እህቱ በቀስታ። ወንድሟ ፊት ተንበርክካ እጁን ያዘች። «ወንድም ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?» ታላቁ ሆና ሳለ በቁልምጫ እንደዚያ ነው የምትጠራው።

«እሺ።»

መቀስ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረበች። «እዚሁ ከእኔ ጋር ትቀራለህ?»

«እሺ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ፍርድ የሚሰጥ ሰው በሌለበት የተገተረ ክርክር ነበር። ከዚያ መቀስ አንገቷን ደፋች። «ልብሱን ላሳይዎት» አለችና ወደ ጓዳ ገባች፤ እህቱም ተከተለቻት። እኔ ቆሜ ምን አደርጋለሁ? ተከትዬ ገባሁ። መቀስ ሻንጣ አውርዳ ሸሚዞቹን ማጠፍ ጀመረች። እያንዳንዱን ራሷ የሰፋችው ነው፤ በአንድ እጁ እንዲቆልፍ ብላ ቁልፉን ሁሉ በትልቅ ቀይራለታለች። እህቱ አንዱን ሸሚዝ ይዛ ቁልፉን ስትዳብስ ቆየች።

የዓሣው ነገር አላስቀምጥ አለኝና ተመልሼ በበሩ ክፍተት ወደ ሳሎን አየሁ። ክው አልኩ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ሁለቱንም በእጄ ጠራኋቸው። ሦስታችን ተደራርበን አጮለቅን።

ሹፌሩ ወደ ቀኝ ዞሯል። በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ይዞ፣ ሽባ ያልነውን እጅ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ያለው እርጥብ ፎጣ ላይ አስቀመጠ። መቀስ እጇን የጠረገችበት ፎጣ ቅጠል ተለጥፎበታል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ቀስ ብለው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ተጠጋጉ። ሳቱ። እንደገና ተጠጋጉ። አንዲት ከምስር ያነሰች ቅጠል ቆነጠሩ። ከዚያ በግራው ቀኙን አንስቶ ገንዳው ላይ አደረሰ፤ ጣቶቹም በገዛ ራሳቸው ተከፈቱ። ቅጠሏ ጥርት ባለው ውሃ ላይ ወድቃ ተንሳፈፈች። እሱም ባዶዋን በርጩማ አየና፣ ዓይኑን ወደ ጓዳው በር መለሰ።

ርእሰ መምህርቷ በእጇ አፏን ያዘች። እኔ እንባዬ መጣ። መቀስስ? ደሟ ፈላ!

«አንተ ነህ?!» ብላ በሩን በርግዳ ወጣች። «አንተ ነህ ለካ! ይህን ሁሉ ጊዜ! ክዳን ሳጥብ፣ ቱቦ ስነቅል፣ ጎረቤቴን ስጠረጥር፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ… ዓሣህን ልትገድለው ነበር እኮ፣ አንተ ሰው!»

ሹፌሩ እንደ ተያዘ ተማሪ አቀርቅሮ «እሺ» አለ።

«ምን እሺ ትለኛለህ! ለምን?» አለች። በርጩማዋን አየች። የጓዳውን በር አየች። ፊቷ ሲለወጥ ታየኝ። «ገንዳው ሲጠራ…» አለች ለራሷ፣ «ገንዳው ሲጠራ እኔ እዚህ አልቀመጥም።»

እህቱ ቀስ ብላ ሄዳ ያቺ በርጩማ ላይ እሷ ተቀመጠች። ለመጨረሻ ጊዜ መሞከሯ ነበር መሰለኝ፤ «እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ፤ እኔም እለቅምልሃለሁ» አለችና ቬሎውን ከወለሉ አነሳች። ሹፌሩ አያት። ይወዳታል፣ ፊቱ ይናገራል። በግራው ቀኙን ይዞ አመጣና፣ በእነዚያ ሁለት ጣቶች የጥልፍ መወጠሪያውን ጠርዝ ያዘ። ጎተተ። እህቱ ለቀቀችለት። እየተንቀጠቀጠ አዙሮ ወደ መቀስ ዘረጋው።

«እሺ» አላት።

ርእሰ መምህርቷ ከበርጩማዋ ተነሳች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «እጁ ይሠራል» አለች፤ ቀጥሎም እኔን «እርስዎ አይተዋል አይደል? እጁ ይሠራል!» አለችኝ፣ ምስክር እንደምትቆጥር ሁሉ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ሸሚዞቹን ከሻንጣው አውጥታ፣ እያንዳንዱን በመስቀያው ሰቀለችና ያመጣችውን መኪና ባዶውን መለሰችው። እሷ ግን አልሄደችም፤ ወለሉን የወለወልነው ሦስታችን ሆነን ነው።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። የስፌት መኪናዋን አንድ ወገን መቀስ፣ አንድ ወገን እኔ ይዘን ከጓዳ አውጥተን ገንዳው አጠገብ አስቀመጥነው። «ጸጥታ ያስፈልገዋል ተብሏል» ስላት «ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ላይ ለተቀመጠ ሰው ጸጥታ ምኑ ነው? እኔም ጅል ሆኜ ሰማሁ» አለች። ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው ሲንጣጣ ሹፌሩ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ከደነ፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ሲተኛ አላየሁትም።

አሁን በባልዲ ካስቀረችው አረም ጥቂት ቅጠል በሳህን ላይ አድርጋ ታቀርብለታለች፤ እሱ እየቆነጠረ ሌላ ሳህን ላይ ያስቀምጣል፤ ፊዚዮቴራፒ የምታሠራው ልጅም «ከቁልፉ ይሄ ይሻላል» ብላለች። ገንዳው ውስጥ ግን አንዲት እንኳ አልታየችም። ውሃው ጠርቶ፣ ተቆጣጣሪው ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ሁላችንንም ይመረምረናል።

በቀደም ዓሣ ሻጩ ዘንድ ምግብ ልንገዛ አብረን ሄድን። ሰውየው አረሙን አስታውሶ «እንዴት ሆነልሽ?» አላት።

«ጠፋ።»

«ጨርሶ? ምን አደረግሽለት?»

«የስፌት መኪናዬን አጠገቡ አደረግሁ።»

ሻጩ አገጩን ዳበሰ። «ንዝረቱ ይሆን?» አለ።

«ሳይሆን አይቀርም» አለች መቀስ፣ ምግቡን ይዛ ወጣች።